ስለ አሮጌው አውቶሞቢላችንና ስለ መለዋወጫው ዋጋ

በቤታችን ውስጥ ሁለት የሒሳብ ደብተሮች ነበሩ። አንደኛውን የምትይዘው ባለቤታችን ናት፤ በእርሱም የቤት ኪራዩ፥ የልጆቹ የትምህርት ወጪ፥ የበርበሬውና የጤፉ ዋጋ፥ ለአገር ቤት ዘመድ የምንልከው ገንዘብ ሁሉ በየወሩ ተጽፎ ይገኛል። ሁለተኛውን የምንይዘው እኛ ነበርን፤ የሚቀመጠውም በአውቶሞቢላችን የኋላ ክፍል፥ ከመፍቻው ሣጥን ሥር ነበረ። በዚህ በሁለተኛው ደብተር የተጻፈውን ከእኛ በቀር ማንም አላየውም። ስለ እርሱ ለመጻፍ ያሰብነው፥ አሮጌ የስፖርት አውቶሞቢል ይዞ የሚኖር ሰው ሁሉ፥ በወረቀት ባይሆን እንኳ በልቡ፥ እንዲህ ያለ ስውር ደብተር ያለው ስለ መሰለን ነው።

አውቶሞቢላችን ኤም ጂ ቢ ጂ ቲ የሚባለው ነው። የተሠራውም በ1972 ዓመት፥ በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መጻፋችንን አንባቢው ያስተውልልን። የኤም ጂ ቢ ዘር በዚያ ፋብሪካ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ሲሠራ ኖሮ ቍጥሩ ከ500,000 በላይ ደረሰ፤ ፋብሪካውም በዚያው በ1980 ተዘጋ። አስቀድሞ የወጣው ጣሪያው የሚገለጠው ዐይነት ነው። የእኛው ዐይነት ግን ጣሪያው ብረት የሆነ፥ የኢጣልያው የፒኒንፋሪና ቤት በመልኩ ላይ እጁን ያስገባበት፥ ከ1965 ጀምሮ የተሠራው ነው። ከኋላ በኩል ለሕፃን እንጂ ለጐልማሳ የማይበቃ ጠባብ መቀመጫ አለው።

በ2016 በምንኖርበት በለንደን ዳርቻ፥ ጕልበቱ አልታጠፍ ብሎት ወደ ዝቅተኛው መቀመጫ መግባትና መውጣት ከተሳነው አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን በ4,500 ፓውንድ ገዛነው። ስለ ምን ገዛችሁት ብለን ብንጠየቅ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያረካ መልስ የለንም። ባለቤታችን በዚያ ቀን የተናገረችው፥ «ገዝተኸው ከሆነስ አንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው» የሚል ቃል ነበረ። እኛም ዝም አልን፤ የመጀመሪያው ስሕተታችን ይህ ዝምታ ነበረ።

ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ዓመት ስለ ሆነው፥ አንዲት ብሎን ስንኳ ብትጠፋ የምንተካበት አይገኝም ብለን እንሠጋ ነበረ። ነገሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ሆኖ አገኘነው። የመለዋወጫ ነጋዴዎቹ የሚያሳትሙት የዕቃ ዝርዝር እንደ መዝገበ ቃላት የወፈረ ነው፤ ከመሪው መዘውር አንሥቶ እስከ በር እጀታ ጠመዝማዛ ድረስ ሁሉም በሥዕልና በቍጥር ተመልክቶ ይገኛል። ምክንያቱን ስንመረምር የአውቶሞቢሉ ብዛት ሆኖ አገኘነው። ከተሠሩትም አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ የተሸጡ ስለ ሆነ በዚያም ያለው ፈላጊ እጅግ ብዙ ነው። ደግሞም 1,798 ኩብ ሴንቲ ሜትር የሆነው ሞተሩ፥ ያን ጊዜ ያው ኩባንያ ለተራ ሠራተኛ ይሸጣቸው ከነበሩት የቤት አውቶሞቢሎች ሞተር ጋር አንድ ቤተ ሰብ ነው። በ1988 ደግሞ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት፥ ቀድሞ ቆርቆሮው ይመታባቸው የነበሩትን የፋብሪካ ቅርጾች አሰባስቦ የኤም ጂ ቢን ሙሉ አካል እንደ ገና መሥራት ጀመረ። እንግዲህ ሥራው በ1980 ላቆመ አውቶሞቢል፥ ዝገት ያልነካው አዲስ አካል ገዝቶ የቀድሞውን ሞተርና መቀመጫ ማዛወር ይቻላል ማለት ነው። ዋጋው ግን ከ10,000 ፓውንድ በላይ ስለ ሆነ፥ እኛ አውቶሞቢሉን ከገዛንበት ከእጥፍ ይበልጣል።

የዚህን ነገር ትርጕም በደንብ ያስተማረን፥ መካኒካችን ዘንድ የምናገኘው አንድ ባለ ኤም ጂ ሲ ነበረ። ኤም ጂ ሲ ለሩቅ ተመልካች ከእኛው አውቶሞቢል የማይለይ፥ ነገር ግን ስድስት ሲሊንደር ያለው፥ ከ1967 እስከ 1969 ብቻ የተሠራ፥ ቍጥሩም ወደ 9,000 ያህል የሆነ ነው። ሞተሩ ረዥምና ከባድ ስለ ነበረ የፊተኛው እግሩ አሠራር ሌላ ሆነ፤ ኮፈኑም እንዲከድነው ከላዩ ጕብታ ወጣለት። እኛ በሦስት ቀን ተልኮልን የምንቀበለውን ዕቃ፥ ያ ሰው ለእርሱ የተለየው ሲሆንበት ከወር እስከ ወር ይጠብቃል፤ በተገኘም ጊዜ ዋጋው የእኛውን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ብረቱ ያው ብረት፥ ክብደቱም ከጥቂት ልዩነት በቀር ያው ነው። ነገር ግን አንድ ዕቃ ለማውጣት አስቀድሞ ቅርጹ መሠራት አለበት፤ የቅርጹም ዋጋ ገዢ ለሚሆኑት ሰዎች ሁሉ ይካፈላል። ገዢው አሥር ሺህ ሲሆን ለእያንዳንዱ ሳንቲም ይደርሰዋል፤ ገዢው ሃምሳ ሲሆን ግን ዕዳው ከባድ ነው። ስለዚህ የአሮጌ አውቶሞቢል ባለቤት፥ ሳያውቃቸው በዓለም ላይ ከተበተኑ መሰሎቹ ጋር ዕቁብ የገባ ሰው ነው። ማኅበርተኛው ከበዛ መዋጮው ይቀላል።

ይህን ነገር ታላላቆቹ ፋብሪካዎችም አስተውለውታል። የጃፓኑ ማዝዳ ከ1989 ጀምሮ ለሠራው ለመጀመሪያው ክፍት የስፖርት አውቶሞቢሉ ያቆማቸውን ዕቃዎች እንደ ገና ማውጣት የጀመረው በ2017 ነው፤ በዚያው ዓመት ኒሳንም ለስካይላይን ጂ ቲ አር ይህንኑ አደረገ። የጀርመኑ ፖርሽ ደግሞ በ2018፥ እጅግ ጥቂት ለሆነው ለ959 የሚያስፈልገውን አንድ የፍሪሲዮን ዕቃ፥ ቅርጽ ማውጣት ሳያስፈልገው የብረት ዱቄት በጨረር እያቀለጠ ድርብ በድርብ በሚያትም መሣሪያ መሥራቱን አስታወቀ። ይህ መሣሪያ ከረከሰ ያ ባለ ኤም ጂ ሲ ወዳጃችንም ዕድሜው ይረዝም ይሆናል። የእኛ ሒሳብ ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ስለ ሆነ ወደ እርሱ እንመለስ።

በዚህ ንግድ ውስጥ እጅግ ደስ ያሰኘን፥ ኋላም ለሐሰት የተጠቀምንበት አንድ ልማድ አለ። የመንገዱን ነውጥ የሚያበርደው፥ መካኒኮች ሾክ የሚሉት ከባድ ብረት በተበላሸ ጊዜ፥ ነጋዴው የታደሰውን ይልክልንና ከዋጋው በላይ መያዣ ያስከፍለናል፤ የተበላሸውን መልሰን ስንልክለት መያዣውን ይመልስልናል፤ እርሱም ያንኑ አድሶ ለሌላ ይሸጠዋል። አንድ ቀን ባለቤታችን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘይት የሚያንጠባጥብ ብረት በጋዜጣ ተጠቅልሎ አግኝታ ምንድር ነው ብላ ብትጠይቀን፥ «አትጣይው፥ ገንዘብ የሚያገባ ዕቃ ነው፤ ስንመልሰው 35 ፓውንድ ይሰጡናል» አልናት። ቃሉ እውነት ነው፤ 35 ፓውንድ ተመልሶልናል። ከዚያ በፊት የከፈልነውን ግን አልተናገርንም። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖብን፥ የ60ውን ዕቃ 30 ነው፥ የ100ውን 45 ነው እያልን በባለቤታችን ደብተር አስጻፍን፤ ልዩነቱን ሁሉ በስውሩ ደብተር እየመዘገብን ኖርን። ሌባ እንኳ ሒሳቡን በጽሑፍ አይዝም ብሎ የሚስቅብን አንባቢ ቢኖር አንቀየመውም።

በ2022 የመከር ወራት የባለቤታችን እናት ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የሚመጡበት ቀን ተቈረጠ። አማታችንን በታክሲ ከማምጣት ይልቅ፥ ስድስት ዓመት በእጃችን ስናድሰው በኖርነው አውቶሞቢል ብንቀበላቸው ክብር መስሎ ታየን። ለጕዞውም ስናዘጋጀው፥ እሳቱን ለአራቱ ካንዴላዎች በሚያከፋፍለው በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር የምትዞረውን፥ ሮተር የምትባለውን ከአውራ ጣት የማትበልጥ የፕላስቲክ ቁራጭ ለመለወጥ ፈለግን። በነጋዴው ዘንድ ሁለት ዐይነት ተገኘ፤ አንዷ 4 ፓውንድ፥ አንዷ 12 ፓውንድ። በሥዕል ሲታዩ አንድ ናቸው። እኛም በስውሩ ደብተር ላይ የነበረው ድምር ያሳፍረን ጀምሮ ስለ ነበረ፥ እንቈጥብ ብለን ባለ 4ዋን ገዛን። ለሚያብረቀርቅ የክሮም መከላከያ 240 ፓውንድ የከፈልን ሰዎች፥ ቍጠባን የጀመርነው በ8 ፓውንድ ላይ ነበረ።

አውሮፕላኑ በሂዝሮ የሚያርፈው በማለዳ ስለ ሆነ፥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በዝናብ ተነሣን። ባለቤታችን ከልጆቹ ጋር በቤት ቀርታ ቁርስ ታሰናዳ ነበረ። ኤም ፎር በሚባለው ታላቅ ጐዳና ላይ ሳለን፥ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳል ብሎ ጸጥ አለ። ብንሞክር፥ ብንለምነው፥ ቢቈጣንም ቢቈጣም አልነሣ አለ። የጭነት መኪኖቹ በጎናችን ሲያልፉ አውቶሞቢላችን እንደ ጀልባ ይወዛወዝ ነበረ። አማታችን የእንግሊዝኛ ቋንቋ አያውቁም፤ በዚያም አገር የሚሠራ ስልክ በእጃቸው አልነበረም። ለባለቤታችን ስልክ ደውለን የሆነውን በነገርናት ጊዜ የመለሰችልን ቃል አልነበረም፤ ስልኩ ብቻ ተዘጋ። ልጆቹን ለጎረቤት ትታ በታክሲ ስትደርስ፥ እናቷ በነጠላቸው ተከናንበው በሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው፥ ሰው ሁሉ ሄዶ ብቻቸውን ከቀሩ ከሁለት ሰዓት በላይ ሆኗቸው ነበረ።

ሊረዳን የመጣው መካኒክ ክዳኑን ገልጦ ሮተሯን አወጣና ሳይመረምራት ሣቀ። ኋላ እንዳስረዳን፥ በርካሽ የሚሠሩት ሮተሮች ፕላስቲካቸው ከሰል የበዛበት ስለ ሆነ፥ መካከላቸውንም የሚያያይዘው የብረት ምስማር ወደ ውስጥ አልፎ ስለሚገባ፥ እሳቱ ወደ ካንዴላ መሄዱን ትቶ በውስጧ ሰርስሮ ወደ ብረቱ ዘንግ ይፈሳል። ጥቂት ጊዜ ትሠራለች፤ ከሞቀች በኋላ ትሞታለች። እርሱም በዚያ ሌሊት በእጁ ሌላ ስላልነበረው፥ አውቶሞቢላችንን በጎታች መኪና ጭኖ ከእኛ ጋር ወደ ቤታችን አደረሰን።

በበሩ ላይ አማታችን ቆመው አገኘናቸው። ጕልበት ልንስም ብንጐነበስ ወደ ላይ አነሡን። ፊታቸውን ቀና ብለን ማየት አልቻልንም። እርሳቸው ግን ስለ ሁለቱ ሰዓት አንዳች አልተናገሩም፤ የጠየቁን፥ «ልጄ፥ መኪናው የቆመው በምንድር ነው?» ብለው ነበረ።

«በዚች ነው፥ እማማ» ብለን ሮተሯን በመዳፋችን አሳየናቸው።

«ዋጋዋ ስንት ነው?»

«አራት ፓውንድ ነው።»

አገላብጠው አዩአትና፥ ስለ ሟቹ ባለቤታቸው ስለ ሴይቸንቷቸው ይነግሩን ጀመር። የባለቤታችን አባት በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ ሳሉ ፊያት 600 ነበረቻቸው፤ ያን ጊዜ ከከተማው ታክሲዎችም ብዙዎቹ እርሷው ነበሩ። ዕቃ በጎደለ ጊዜ፥ ሥራ ላይ ስለሚሆኑ፥ አሮጌውን ቁራጭ በመሐረብ ቋጥረው አማታችንን ወደ መርካቶ ይልኳቸዋል። «ነጋዴው ሁለት ያወጣል፤ አዲሱ በካርቶን የታሸገ ነው፥ ያምራል። እርሳቸው ግን፥ ከቆመ መኪና የተፈታውን አሮጌውን አምጪ፤ የሠራ ነገር መሥራቱ ታውቋል፥ ይሉኝ ነበረ። የጠፋውን ደግሞ ቶርኖ ቤት ያስቀርጹታል» አሉ። በእንግሊዝ አገር ዛሬም የኤም ጂ ሰዎች ስለ ጎማና ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሲከራከሩ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ በቀድሞ ሣጥኑ የቈየውን የፋብሪካውን ዕቃ፥ ከአዲሱ ቅጂ በበለጠ ዋጋ ይሻሙበታል። የቀድሞ ዕቃ ሁሉ ግን መልካም አይደለም፤ ጎማ በሣጥን ውስጥም ያረጃል። በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፥ በአዲስ አበባ የቤንዚን መኪና የያዘ ሰው ሁሉ በጊዜው ይህንኑ የአማታችንን ጥያቄ መጠየቁ የማይቀር ይመስለናል።

ባለቤታችን እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ትሰማ ነበረ። ኋላ ግን፥ «የዚች ዋጋ አራት ከሆነ፥ የቀረውስ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችን። በእናቷ ፊት መዋሸት አልቻልንም። በዝናብ ወጥተን ከመፍቻው ሣጥን ሥር ያለውን ደብተር አመጣንላት።

በዚያ ሌሊት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበችው። የስድስቱ ዓመት ድምር 6,870 ፓውንድ ነበረ። ስለ ድምሩ አንድ ቃል አልተናገረችም። ጣቷን በአንድ መስመር ላይ አኑራ፥ «ይህ የመከላከያው 240 ፓውንድ የተጻፈበት ወር፥ እናትና አባቴን ዘንድሮ ማምጣት አንችልም፥ ገንዘቡ አልሞላም ያልኸኝ ወር አይደለምን?» አለችን። ተመለከትነው፤ እርሱ ነበረ፤ 2019 ዓመት፥ ግንቦት። የዚያ ዓመት የስውሩ ደብተር ድምር ብቻ 1,940 ፓውንድ ነበረ፤ ሁለቱን ለማምጣት የጎደለን ከዚያ ያነሰ ነበረ። የባለቤታችን አባት በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ። ሴይቸንቶ በገዛ እጃቸው እየፈቱ የገጠሙ ሰው፥ ይህን አውቶሞቢል ሳያዩት ቀሩ።

እኛ ብዙ ነገር ልንናገር አስበን ነበረ፤ አልተናገርንም። አማታችን ከመኝታቸው ተነሥተው መጥተው ኖሮ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። «እርሳቸው ቢመጡ ኖሮ፥ ይህን መኪና ሳይፈቱ አያድሩም ነበረ» አሉና ወደ መኝታቸው ተመለሱ። ባለቤታችን አለቀሰች፤ እኛንም እንባ ያዘን።

ደብተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሆነ። አውቶሞቢሉን ልንሸጠው ብለን ነበረ፤ ባለቤታችን ግን፥ «ከሸጥኸው የከፈልኸውን ሩቡን አታገኝም፤ ይልቅስ ዋጋውን እኔ ልያዝ» ብላ ከለከለችን። ከእኛም የበለጠች ገዢ ሆነች። ነጋዴውን በስልክ፥ ይህን የሠራው ማን ነው፥ ስንት ሰው መለሰላችሁ፥ ጎማው ለአሁኑ ቤንዚን ይስማማልን ብላ ትጠይቀዋለች። ይህን የመጨረሻውን የምትጠይቀው በከንቱ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር ከ2021 መስከረም ጀምሮ በተራው ቤንዚን ላይ እስከ 10 ከመቶ አልኮል ስለሚጨመር፥ ለቀድሞው ቤንዚን የተሠሩ የጎማ ቱቦዎች ሊበሉና ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ደግሞም እኛ በስድስት ዓመት ያላስተዋልነውን እርሷ በአንድ ወር ደረሰችበት፤ ያው አንድ ዕቃ በስፖርት አውቶሞቢሉ ስም ሲጠየቅ የሚወደድ፥ በድሮው የቤት አውቶሞቢል ስም ሲጠየቅ ግን የሚረክስበት ጊዜ አለ። በፍሬን ላይ ግን ዋጋ አትጠይቅም። ከ2018 ጀምሮ በዚያ አገር ከ40 ዓመት በላይ የሆነው አውቶሞቢል ብዙ ካልተለወጠ በቀር ከዓመት ምርመራ ነጻ ነው፤ እርሷ ግን ሕጉ ቢተወው እኔ አልተወውም ብላ በየዓመቱ ታስመረምረዋለች፤ ክፍያውንም በራሷ ደብተር ትጽፈዋለች።

አማታችን ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ቀን በደረሰ ጊዜ ታክሲ ልንጠራ ብንል እንቢ አሉ፤ «ያመጣኝ ባይሆን የሚመልሰኝ እርሱ ይሁን» አሉ። ሻንጣው ከኋላ ገባ፤ ባለቤታችን በሕፃናቱ መቀመጫ ተጣጥፋ ተቀመጠች። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ባለ 12 ፓውንዷ ሮተር ትዞር ነበረ። ያ ሞተራችን የሞተበት ስፍራ በደረስን ጊዜ ማንም አልተናገረም። አማታችን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፥ «እዚህ ነው?» አሉን። «እዚህ ነው፥ እማማ» አልናቸው። ሂዝሮ ደርሰን ሻንጣውን ስናወርድ፥ ባለቤታችን ቦርሳዋን ከፍታ መሐረብ አወጣች፤ በመሐረቡም ውስጥ ሁለተኛ ሮተር ተቋጥራ ነበረች።